የልብ ደም ሥር ምርመራና የመልስ ጉዞው

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ለአንጂዮግራፊ የሚላኩ ሕሙማን «ልቤ ሊቀደድ ነው» ብለው ይሰጋሉ። ልብ ግን አይከፈትም። ሐኪሙ የእጅ አንጓን ወይም ብሽሽትን አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ደም ሥሮች ያደርሳል፤ የራጅ ቀለም ሲገባ የጠበበው ቦታ ይታያል። ያኔ ሰውነት ለአፍታ ቢሞቅ አያስደነግጥም።

ይልቅ ቀለሙ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የኩላሊት ምርመራ ይቅደም። ሜትፎርሚን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ቀለም ተሰጥቶት ያሳከከው ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ መድኃኒቱን ግን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። ጥበት ከተገኘ ስቴንት በዚያው ሊገባ ስለሚችል ወጪውንም ቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መልሱ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም የተወጋው ደም ቅዳ ነው። በዚያው ቀን ብቻውን በሚኒባስ ተጋፍቶ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ የሚገባ፣ በማግሥቱም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያነሳ ሰው ሊደማ ይችላል። አስታማሚ ይኑር፤ የሚቻል ከሆነም ያቺን ሌሊት ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል። ሆስፒታሎችም ቀጠሮ ሲሰጡ የሕመምተኛውን አድራሻ አይተው ከሩቅ የሚመጣውን ጠዋት ቢያስቀድሙት ምን ይጎዳቸዋል?

ቤት ከገቡ በኋላ ቦታው ከደማ ወይም በፍጥነት ካበጠ አጥብቆ መጫን፣ ብሽሽት ከሆነ በጀርባ መተኛት፣ ሳይዘገዩም በ907 አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል። እጅ ወይም እግር ከቀዘቀዘና ከደነዘዘም እስኪነጋ አይጠበቅም።