ነፃ ፎንትና የሁለት ፊደል ጽሑፍ በአፋር ከተሞች

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ አፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ሰመራ የሚዘልቅ መንገደኛ በላቲን ፊደል የተጻፈ አፋርኛንና በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛን ጎን ለጎን ያነባል። በብሩሽ ለሚጻፍ ሰሌዳ ይህ ጥምረት አያስቸግርም። ጽሑፉ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ድረ ገጽ ሲሸጋገር ግን ሁለቱንም ፊደላት በእኩል የሚያስተናግድ ፎንት የግድ ያስፈልጋል።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ በ1999 የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጆች ፊደላቱን ለላቲን በተመደቡ የኮድ ቦታዎች ላይ ይደለድሉ ነበር። ድልድሉም ከአዘጋጅ አዘጋጅ ይለያይ ስለነበር በአንድ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ሲደርስ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። የአፋርኛ አንቀጽም በስሕተት የአማርኛ ፎንት ከተሰጠው ወደ ተዘበራረቀ የግዕዝ ፊደል ይለወጥ ነበር።

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በመስጠት ይህን ችግር ቢያቃልልም፣ ለቁጥሩ ቅርጽ የሚሰጥ ፎንት በመሣሪያው ላይ ከሌለ አንባቢው የሚያየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። አፋርኛ ለልዩ ድምፆቹ ሲ፣ ኪው እና ኤክስ የተባሉትን የተለመዱ የላቲን ፊደላት ስለሚጠቀም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። በባዶ ሳጥን የሚተካው የአማርኛው ክፍል ነው።

የጉግል ኩባንያ ያሠራጨው ‹‹ኖቶ›› የተሰኘ የፎንት ቤተሰብ ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ሳጥን ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ሳጥኑን ከአኩሪ አተር በሚሠራ ምግብ ስም ‹‹ቶፉ›› ብለው ስለሚጠሩት፣ ‹‹ኖ ቶፉ›› ማለት ‹‹ባዶ ሳጥን ይቅር›› እንደ ማለት ነው። ቤተሰቡ ላቲንንና ግዕዝን ጨምሮ የበርካታ የዓለም ፊደላትን በተቀራረበ ቅርጽ ያቀርባል።

ኖቶ እ.ኤ.አ ከ2015 ጀምሮ የሚሠራጨው ኤስ አይ ኤል ባዘጋጀው ክፍት የፎንት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ማንም ሰው ፎንቱን ያለ ክፍያ እንዲጠቀም፣ እንዲያሻሽልና እንዲያሠራጭ ያስችላል፤ በፎንቱ የተዘጋጀ ሰነድም በፈቃዱ አይገደብም። ይሁንና ነፃ ማለት ያለ ሕግ ማለት አይደለም። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ የተሻሻለው ቅጂም በዚያው ፈቃድ ሥር መቆየት አለበት።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው የስያሜው ድንጋጌ ነው። አዘጋጁ ስሙን በፈቃዱ አስጠብቆ ከሆነ፣ ያሻሻለው ወገን በዚያው ስም ሊያሠራጨው አይችልም። ‹‹አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል›› የተሰኘው የግዕዝ ፎንት ለዚህ አብነት ነው። ድንጋጌው ከንቱ ጥብቅነት አይደለም፤ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ፎንቶች ቢኖሩ ሰመራ ላይ የተዘጋጀ ሰነድ አዋሽ ሲደርስ መስመሩና ገጹ ሊዛባ ይችላል።

በድረ ገጽ ረገድ ፎንቱ ከገጹ ጋር ወደ አንባቢው እንዲደርስ ማድረግ ተችሏል። እ.ኤ.አ በ2018 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ‹‹ዎፍ 2›› የፋይሉን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾችን ለሚይዘው የግዕዝ ፎንት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም መጠኑን የበለጠ ለመቀነስ አንዳንድ ፊደላትን መቁረጥ እንደ ማሻሻል ስለሚቆጠር ስሙ የተጠበቀ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያሻል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛን ከፌዴራሉ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን መርጧል። ይህ ሲተገበር የሁለት ፊደል ሰነዶች መብዛታቸው አይቀርም። በመሆኑም የሕዝብ ተቋማት የሚጠቀሙባቸውን ፎንቶች ስምና ፈቃድ መዝግበው ሊይዙ፣ ለሰነድም ሆነ ለድረ ገጽ አንድ ክፍት የፎንት ቤተሰብ በጋራ ሊመርጡ ይገባል። ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ማስታወቂያው ለሁሉም አንባቢ በእኩል መድረሱ ነው።