የፊልሙ ጀግና በጨዋታ ቤት፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

ልጅ ያለ ጨዋታ አያድግም። ስለሆነም ወላጅ «ልጄ ምን በላ? ምን ለበሰ?» ብሎ እንደሚያስብ ሁሉ «ልጄ ምን ተጫወተ?» ብሎም መጠየቅ ይኖርበታል።

በዳንግላና በእንጅባራ፣ እንደ ሌሎቹ የሀገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ልጆች ከትምህርት ሲለቀቁ ከሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እናቶች ቡና ላይ ሲገናኙ ስለዚህ ቤት የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ የሚባክነውን ገንዘብና ሰዓት ነው። አቤቱታው ተገቢ ነው። ሆኖም ልጁ ዓይኑን ተክሎ የሚያየው ነገር ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚያሳጣው ሳይመረመር «ክፉ ነው» ብሎ መደምደም ልጁን አያሳምነውም። ልጅ የሚሰማው ጉዳዩን አውቆ የሚነግረውን ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ አንድ ጨዋታ መርጠን ጥንካሬውንና ድክመቱን እንመለከታለን። ጨዋታው «ስፓይደርማን 2» ይባላል።

ስፓይደርማን ማለት የሸረሪት ኃይል ያለው ሰው ማለት ነው። ሳም ሬይሚ ያዘጋጀው «ስፓይደርማን 2» የተሰኘው ፊልምና በፊልሙ ስም የተሠራው የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ የወጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ ወር 2004 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ጨዋታውን የሠራው ትሬያርክ፣ ያሳተመው ደግሞ አክቲቪዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የፊልሙ ዋና ተዋናይ ቶቤይ ማጓየር በጨዋታውም ውስጥ ድምፁን ሰጥቷል። በአሜሪካ የጨዋታዎችን ደረጃ የሚወስነው ድርጅት ጨዋታው ዕድሜያቸው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች እንዲሆን መድቦታል። ይህን አንድ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። የሰባት ዓመት ሕፃን ከታላቅ ወንድሙ ጎን ተቀምጦ የሚያየው ነገር ለእርሱ ዕድሜ የታሰበ አይደለም።

በመጀመሪያ ጥንካሬውን እንመልከት። በፊልም ስም የሚወጡ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ የጥድፊያ ሥራ ናቸው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት በሚገባበት ቀን ጨዋታውም ገበያ ላይ መገኘት ስላለበት ሠሪዎቹ ጊዜ ያጥራቸዋል። ለዚህ ታላቁ ምሳሌ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የ«ኢ.ቲ.» ጨዋታ ነው። አንድ ሰው በአምስት ሳምንት ገደማ የሠራው ይህ ጨዋታ ገዢ አጥቶ፣ ብዙ ቅጂው በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ተቀበረ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮም ወጣ። «ስፓይደርማን 2» ግን ከዚህ ዕጣ የዳነ ነው። ከእርሱ በፊት በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው ጨዋታ ጀግናው የሚወረውረው ድር ከምንም ሳይያያዝ በባዶ ሰማይ ላይ ይንጠለጠል ነበር። በዚህኛው ግን ድሩ የግድ ከሕንፃ ጋር መያያዝ አለበት። ሕንፃ በሌለበት ቦታ መወዛወዝ አይቻልም። ተጫዋቹ የገመዱን ርዝመት፣ ፍጥነቱንና የሚለቅበትን ቅጽበት ማመዛዘን ይኖርበታል። ዥዋዥዌ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። የኒውዮርክን ማንሃተን የመሰለ ሰፊ ከተማም ልጁ እንደ ወደደ እንዲዘዋወርበት ክፍት ሆኖ ቀርቦለታል።

ሁለተኛው ጥንካሬ የጀግናው ኑሮ ነው። ፒተር ፓርከር ባለጸጋ አይደለም። የሚማር፣ አክስቱን የሚወድድ፣ ፒዛ እያደረሰ ገንዘብ የሚለቅም ወጣት ነው። በጨዋታው ውስጥም ፒዛውን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ማድረስ የሚጠይቅ ሥራ አለ። ከዚህም ሌላ ከሕንፃ ላይ ሊወድቅ የተንጠለጠለን ሰው ማዳን፣ የቆሰለን ተሸክሞ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ቦርሳ የነጠቀን ሌባ መያዝ ይገኝበታል። ሌላው ቀርቶ ፊኛው ላመለጠበት ሕፃን ፊኛውን ይዞ መመለስም አለበት። ልጆች ለተቸገረ መድረስን ጀግንነት ነው ብለው ቢያዩ የሚጠላ አይደለም።

በአንፃሩ ድክመቱም ብዙ ነው። የመጀመሪያው መደጋገም ነው። ታሪኩ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንዲያልፍ ልጁ የተወሰነ ነጥብ መሰብሰብ አለበት፤ ነጥቡ የሚገኘውም ያንኑ ሌባ፣ ያንኑ ቁስለኛ፣ ያንኑ ፊኛ ደጋግሞ በመከታተል ነው። ሰዎቹ የሚናገሩትም ቃል ያው ነው። ጨዋታውን ገዝቶ ቤቱ ለሚጫወት ልጅ ይህ መሰልቸት ብቻ ነው። በየሰዓቱ እየከፈለ ለሚጫወት የዳንግላ ልጅ ግን መደጋገሙ ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ፣ የተደረሰበት ምዕራፍ የሚቀመጠው በሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ የብዙ ልጆች መጠቀሚያ በሆነበት ቤት አንዱ የደረሰበትን ሌላው ሊደመስስበት ይችላል፤ በማግሥቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኳስ ጨዋታ በደቂቃዎች ውስጥ አሸናፊና ተሸናፊ ለይቶ ያበቃል፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ግን ለሰዓት ሂሳብ አይመችም። የዘይት መግዣ መልስ ከኪስ የሚጠፋው፣ ልጁም ለእናቱ ውሸት መናገር የሚለምደው «ትንሽ ብቻ ቀረችኝ» በሚልበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ድክመት ጠብ ሁሉ በቡጢ መፈታቱ ነው። በጨዋታው ውስጥ ሽማግሌ የለም፤ ዕርቅም የለም። ጀግናውም ብቻውን ነው። የእኛ አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ኃይል በኅብረት እንደሚገኝ ማስተማራቸው ነው፤ የስፓይደርማን ድር ግን የአንድ ሰው ድር ነው። ልጁ ሁለቱን ድሮች እንዲያነጻጽር ማድረግ የወላጅ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። ትእዛዙም ንግግሩም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ልጅ ታሪኩን ሳይረዳ ጆይስቲኩን ብቻ ይነካካል። ሲረዱት መልካም የሆነው የታሪኩ ክፍል ያመልጠውና ድብድቡ ብቻ ይቀረዋል።

አራተኛውና ለዚህ ዓምድ ዋነኛው የሴት ልጅ ቦታ ነው። በጨዋታው ሜሪ ጄን በአብዛኛው ጀግናው በሰዓቱ እንዲደርስላት የምትጠበቅ ሴት ናት፤ ብላክ ካት የተባለችው ደግሞ ብርቱና ፈጣን ብትሆንም ሌባ ናት። ከቴሌቪዥኑ ውጭ ያለው ነገር ግን ከዚህም ይብሳል። ወንድሙ ጨዋታ ቤት በቆየበት ሰዓት ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? እንጀራውንስ የሚጋግረው? የወንድሙ የጨዋታ ሰዓት የእኅቱ የሥራ ሰዓት እየሆነ ነው። እርስዋም ጥናት አለባት፤ እርስዋም ጨዋታ ያምራታል። እናት ወንዱን «ገንዘብ አባከንህ» ብላ ስትቆጣ የልጅቷን ጊዜ ማባከኑንም አብራ ልትቆጥር ይገባታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሄዳል። የሚከተሉትን እንመክራለን። አንደኛ፣ እናት ወይም አባት አንድ ቀን ወደ ጨዋታ ቤቱ ገብተው ይዩ፤ የሚጫወቱትን ልጆች ዕድሜም ይመልከቱ። ሁለተኛ፣ ልጁ የሚሄድበት ቀን፣ የሚይዘው ገንዘብና የሚመለስበት ሰዓት ከመውጣቱ በፊት ይወሰን፤ የእኅቱ የዕረፍት ሰዓትም በዚያው ይወሰን። ሦስተኛ፣ ማታ እሳት ዳር ያየውን ታሪክ በአገውኛም ሆነ በአማርኛ እንዲተርክ ይጠየቅ። መተረክ ካልቻለ የተመለከተው ድብድብ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ የሚችል ታላቅ ያስረዳው። አራተኛ፣ ፊልሙ የሚገኝ ከሆነ ቤተሰቡ በአንድነት ይመልከተው። ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያልቃል፤ የፒተርንና የአክስቱን ኑሮ ከጨዋታው ይበልጥ ያሳያል።

በመጨረሻም ልጆቻችን ጀግና ከባሕር ማዶ ብቻ እንደሚመጣ እንዳያስቡ እናድርግ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው ይታሰባሉ። ያ ጀግንነት የብዙዎች በአንድነት መጋለብ ነው። በሥዕል መጽሐፍም ቢሆን ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. አውጥቷል፤ «ሃዊ» በተሰኘው ሥራውም ጀግናዋ ሴት ናት። ቅኔ ጌምስ ደግሞ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል። ልጃችን ከእነዚህ ጋር ስፓይደርማንንም ቢያውቅ አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ሳያውቅ እርሱን ብቻ ሲያውቅ፣ ደግሞም ያየውን የሚጠይቀው ወላጅ ሲያጣ ነው።