ቆራሌው የማያውቀው መርዝ

መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚጣል ዕቃ የለም። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ጀሪካኑ ውኃ ይቀዳበታል፤ የተሰባበረው ፕላስቲክ ተፈጭቶ ሌላ ዕቃ ይሠራበታል። ዛሬ ዓለም «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» እያለ የሚሰብከውን አሠራር የመርካቶ ሰው ስም ሳያወጣለት ኖሮበታል። ይሁንና ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በውስጡ ያለው ኬሚካልም አብሮ ይዞራል። የማይዞረው መረጃው ነው። ጀሪካኑ ትናንት ፀረ ተባይ ይዞ ከነበረ፣ ዛሬ የሚገዛው ሰው በምን ያውቃል?

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። አይፔን የተባለው ዓለም አቀፍ የሲቪክ ድርጅቶች መረብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በ26 አገሮች ከገበያ የተገዙ፣ አብዛኞቹ ባለ ቀለም የእንቆቅልሽ ኪዩብ የሆኑ ዕቃዎችን አስመርምሮ ነበር። 90 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ እሳት ለመከላከል በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሽፋን ላይ የሚጨመሩ የብሮሚን ውህዶች ተገኙ። የልጅ መጫወቻ እሳት መከላከያ አያስፈልገውም። ኬሚካሉ የገባው ከተጣለ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ሽፋን ጋር ነው። እነዚህ ውህዶች በሰውነት ስብ ውስጥ የሚጠራቀሙ ሲሆን፣ የሆርሞን ሥርዓትንና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳሉ ተብለው ይፈራሉ።

የሚገርመው ደግሞ ሕጉ ነው። ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 ከእነዚህ ውህዶች የተወሰኑትን ሲያግድ፣ ውህዶቹ ያሉባቸው ዕቃዎች ግን እስከ 2030 ድረስ መልሰው ጥቅም ላይ እንዲውሉ በር ክፍት ትቷል። ማምረት ተከልክሎ ማዞር ተፈቀደ ማለት ነው።

መፍትሔው ከቆሻሻው ክምር ላይ አይገኝም። ቆራሌው ላብራቶሪ የለውም፤ የዕቃውን ይዘት የሚያውቀው አምራቹ ነው፣ ጠይቆ ሊያውቅ የሚገባው ደግሞ አስመጪው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን በመረዳት፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች የይዘት መረጃቸውን በዲጂታል «ፓስፖርት» ይዘው ለገበያ እንዲቀርቡ ደንግጓል።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ አግደን ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪክ አዙረናል። እነዚህ ባትሪዎች ማርጀታቸው አይቀርም። አስመጪው መኪናውን ሲያስገባ የባትሪውን የይዘት ሰነድ እንዲያቀርብ፣ ሲያረጅም መልሶ እንዲረከብ ካልተገደደ፣ ነገ ባትሪውን በመዶሻ የሚፈታው ምን እንደያዘ የማያውቅ የምናለሽ ተራ ወጣት ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው።