የዘመተ አያት በስንት ስም ይፈለጋል?

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ሆይ፤ ከአያቶቻችሁ አንዱ ኮሪያ ዘምቶ እንደ ነበረ ሲነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደርሶ፥ በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ። ስለዚህ የዘማቾቻችን ነገር በባሕር ማዶ የጦር መዛግብትም ይፈለጋል።

ነገር ግን ፈላጊውን የሚያስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው አጻጻፍ ነው። ባዕድ ጸሐፊ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድማል፤ ፊደሉንም ጆሮው እንደ ሰማው ያኖራል። ስለዚህ አንድ ኃይሌ በሁለትና በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ዘመን ነው። ያ የእኛ ሚያዝያ 1943 በእነርሱ መዝገብ 1951 ተብሎ ይገኛል።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይከብዳል። በጦሩ ዘንድ ኃይሌ የተባለው ሰው በቤተ ክርስቲያን ወልደ ሚካኤል ሊሆን ይችላል። የሞተ ሰው በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነውና፥ ይህን ስም የትኛውም የባሕር ማዶ መዝገብ አይመልስልንም። የሚያውቁት አሮጊት እናት፥ የክርስትና ልጅ፥ የነፍስ አባት ናቸው።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። የዓለም ስሙን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም፥ የክርስትና ስሙን፥ ማዕርጉንና በስንተኛው ቃኘው እንደ ዘመተ በአንድ ወረቀት ጻፉ። ወረቀቱንም ከዳዊቱ ጋር አኑሩት፤ ልጆቻችሁ ሁለቱንም ይሹታልና።