መነጽሩን ከመክሰስ በፊት
ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ጠዳ ከተማ ገብቶ ምስሉ ሲዋልል፣ መቆጣጠሪያውም ከእጅ ተለይቶ ሲንሳፈፍ፣ ፍርዱ ይፈጥናል፤ «ተበላሽቷል!» እኔ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ክፍሉ ነው ባይ ነኝ። ሜታ ኩዌስት 2ን የመሰለ መሣሪያ የቆመበትን ቦታ የሚያውቀው በአራት ካሜራዎቹ የበሩን ጠርዝ፣ የመደርደሪያውን ጥግ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር እየለየ ነው። ባዶ ነጭ ግድግዳ ምንም አይነግረውም፤ ትልቅ መስታወት ደግሞ ያሳስተዋል። መብራት ጠፍቶ በሻማ ከሆነማ ጭራሽ ታውሯል። ብርሃን ፍለጋ ፀሐይ ላይ ማውጣትም መፍትሔ አይደለም፤ የደጋ ፀሐይ በሌንሱ በኩል ገብታ ስክሪኑን ታቃጥላለች። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የእኛ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ፣ የአሜሪካው 60 ነው፤ የአምፖሉ ብልጭታ ካሜራውን እንዳያውክ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ 50ን መምረጥ ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያው ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ባትሪው ይቀየር፤ የደከመ ድንጋይ ስንቱን ጤነኛ ዕቃ አስከስሷል! «ይህን ሁሉ ከመልፋት ለጠጋኝ መስጠት አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ካሜራዎቹ የተስተካከሉት ፋብሪካ ውስጥ በመሆኑ፣ ያለ በቂ መሣሪያ መክፈቱ ትንሹን ችግር ሊያባብሰው ይችላል። እርግጥ ካሜራው ራሱ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ይህንን ለመለየት መነጽሩን ብርሃን ወዳለበት፣ ዕቃ ወደሞላበት ሌላ ክፍል መውሰድ ነው፤ ችግሩ እዚያም ከተከተለው ያኔ ጠጋኝ ይፈለግ።