ከችግኝ በፊት ጉቶ ይቆጠር፤ ከሁምቦ ተራራ የተገኘ ትምህርት

ክረምት በመጣ ቁጥር በየወረዳው ችግኝ ማጓጓዝ፣ ጉድጓድ መቆፈርና መትከል ዋነኛ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ የአንድ ገበሬ ማኅበር ትጋት የሚለካው ባስተከለው ችግኝ ብዛት እየሆነ መጥቷል። ችግኝ መትከል የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ በተራቆተ ተራራ ላይ ከመትከል የሚቀድም ሌላ ሥራ እንዳለ የወላይታ ገበሬዎች በተግባር አሳይተዋል።

ከሶዶ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው በሁምቦ ወረዳ የተራራው ደን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አብዛኛው ተመንጥሮ አልቆ ነበር። የቀረው ቁጥቋጦ ለማገዶና ለከሰል ሲቆረጥ፣ ከብቱም ሲግጠው ተዳፋቱ ባዶውን ቀረ። በዝናብ ወራት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በግርጌው ያለውን እርሻ ይመታ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎቹ በወርልድ ቪዥን ረዳትነት 2,728 ሄክታር የሆነ ቦታ ከልለው እንዲያገግም ማድረግ ያዙ። ለዚሁም ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። በአፍሪካ በደን ዘርፍ እንዲህ ያለ ምዝገባ ካገኙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከተከለለው ቦታ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው በችግኝ ሳይሆን በነባሩ ሥር ያገገመ መሆኑ ነው። የተቆረጠ ዛፍ ጉቶው ከላይ የደረቀ ይምሰል እንጂ ብዙ ጊዜ ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ነው። ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል፤ ከብቱና ፍየሉ ይግጠዋል፤ ከዚያ የተረፈው ለማገዶ ይቆረጣል። በዚህ ዓይነት ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል። ገበሬው ከጉቶው ከወጡት ቀንበጦች ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ጥቂቱን መርጦ ይተዋል፤ የቀሩትን ይመለምላል፤ ከዚያም ቦታውን ከከብት ይጠብቃል። የተመለመለው ቅርንጫፍ ለማገዶ ይውላል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ በጋው ቢከፋም ቀንበጡ አይደርቅም። አዲስ ችግኝ ግን ሥር ሳይሰድ ፀሐይ ይቀድመዋል፤ ይህንንም የማያውቅ ገበሬ የለም። ጉቶ በሌለበት ቦታ መትከል ግድ ነው፤ በሁምቦም የተደረገው እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ምን ያህል ችግኝ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው አስቀድሞ ጉቶው ከተቆጠረ በኋላ ነው።

ደን ስለተመለሰ ዝናቡ በሰዓቱ ይመጣል ብሎ ለገበሬው መንገር ትክክል አይደለም። የአየር ጠባይ ለውጥ በአንድ ወረዳ ተራራ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ያመጣውም በአመዛኙ የሌላው ዓለም ፋብሪካና መኪና እንጂ የወላይታ ገበሬ አይደለም። ተራራው የሚረዳው በሌላ በኩል ነው። ዝናቡ ዘግይቶ በጥቂት ቀን ውስጥ በኃይል ሲወርድ፣ የተራቆተ ተዳፋት ውሃውን እንዳለ ይለቅቀዋል። ሣርና ዛፍ የለበሰው ግን አብርዶ ወደ መሬት ያሰርገዋል፤ አፈሩም ባለበት ይቆያል። ዝናቡ እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል፤ የዘነበውን መያዝ ግን በአካባቢው ሰው እጅ ነው።

ብዙ የተወራለት የካርቦን ሽያጭም በቁጥር ሲታይ መጠኑ ይታወቃል። ዛፉ የተቃጠለ አየር እየሳበ በግንዱና በሥሩ ስለሚያስቀር፣ የሁምቦ ደን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ 880 ሺህ ቶን እንደሚይዝ ተገምቷል። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት የተዋዋለው ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን ነው። ከዚህም ማኅበራቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ700 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ እንዲያገኙ ታቅዶ ነበር። ገንዘቡ ለሰባት ማኅበራትና ለአሥር ዓመት ሲከፋፈል ለአንዱ ማኅበር በዓመት ወደ 10 ሺህ ዶላር፣ ለአንድ ሄክታር ደግሞ በዓመት ወደ 26 ዶላር ይደርሳል። ለወፍጮ ወይም ለእህል ጎተራ የሚበቃ የጋራ ገንዘብ ነው፤ የእያንዳንዱን አባል ጓዳ ግን አይሞላም። ሊታመንበት የሚገባው ቅርቡ ጥቅም ሣሩና ምልምሉ እንጨት ነው። የካርቦን ገንዘብ ይመጣል በሚል ተስፋ ብቻ ቦታ እንዲከለል የሚያደርግ መሪ በሦስተኛው ዓመት ከአባላቱ ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ቦታው ሲከለል የሚጎዳም ሰው አለ። ብዙ ከብት ያለው ግጦሽ ያጣል። እንጨት ለቅማ ሸጣ የምታድር ሴት ሩቅ መሄድ ይኖርባታል። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንቡ ከቅጣቱ በፊት መጻፍ ያለበት ድርሻው ነው። ሣሩን አጭዶ ወደ ቤት መውሰድ እንጂ ከብት ማስገባት የማይፈቀድ ከሆነ፣ ከብት የሌለው አባል የሣር ድርሻውን መሸጥ ይችላል ወይስ አይችልም? ምልምሉን እንጨት አስቀድሞ የሚወስደው ማን ነው? የጥበቃው አበል ከየት ይመጣል? እነዚህ በጠቅላላ ጉባኤ ሳይወሰኑ የቀሩ እንደሆነ አጥሩ የሚፈርሰው በሌሊት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የባለመብትነት ነው። በ1970ዎቹ የገበሬ ማኅበራት በየተራራው እርከን ሠርተዋል፤ ቦታ ከልለዋል፤ በእርዳታ እህል እየታገዙም ሰፊ ደን ተክለዋል። የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። ሆኖም መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. በብዙ አካባቢ ያ ደን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ሕዝቡ የዛፍ ጥቅም ስላላወቀ ነው ማለት አይቻልም። ደኑ የመንግሥት ነው ተብሎ ይታይ ስለነበር ባለቤቱ ሲሄድ ጠባቂ አጣ። በሁምቦ ግን ሰባቱ ማኅበራት በተከለለው ቦታ የመጠቀም መብታቸው በጽሑፍ ተረጋግጦላቸዋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደንን በሕግ አውቆታል። እንግዲህ ዛሬ በመንግሥት አጠራር ቀበሌ የሚባለው፣ ገበሬው ግን እስካሁን ገበሬ ማኅበር የሚለው ድርጅት መሪዎች፣ ተራራቸውን በማኅበረሰብ ደንነት ለማስመዝገብ ሕጉ በር ከፍቶላቸዋል። ጥያቄው ለወረዳው ሲቀርብ የቦታው ወሰን፣ የተጠቃሚዎቹ ስምና ጉባኤው ያጸደቀው ደንብ አብሮ ቢያያዝ ሥራው ይቀላል።

ይህንንም ክረምት ሳይገባ መጨረስ ይቻላል። በበጋው ሽማግሌዎችና የልማት ሠራተኛው ተራራውን አብረው ዞረው፣ በየተዳፋቱ ያለውን ሕያው ጉቶ በዓይነት በዓይነቱ ቢመዘግቡ፣ ለወረዳው የሚላከው የችግኝ ጥያቄ ጉቶ ለሌለበት ቦታ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ሣር መስከረም ላይ ለአጨዳ ስለሚደርስ የድርሻው ዝርዝር ከነሐሴ በፊት በቃለ ጉባኤ ላይ መስፈር ይኖርበታል።