ከሥር ያለው ሰው የት ሄደ?

«ሁለት አውሮፕላኖች ሲፋለሙ የሚያሳይ ሥዕል ጀግንነትን ያስተምራል» የሚሉ ጓደኞቻችን በዝተዋል። ሰማያዊ ሸራ፣ ነጭ ደመና፣ ጭስ እየተፋ የሚወድቅ አንድ ክንፍ፤ አለቀ! እኛ ከአብደራፊ የመጣነው ግን እንጠይቃለን፤ ከሥር ያለው ሰው የት ሄደ?

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከአገራችን ከአብደራፊ በስተደቡብ፣ በመተማና በገላባት ሰማይ ላይ የጣሊያን ሲ.አር. 42 ተዋጊዎች ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ ግላዲያተሮች ጋር ተፋልመዋል። ሁሉም ባለ ድርብ ክንፍ ናቸው፤ ለብሩሽ እንዴት ይመቻሉ! ግላዲያተሮቹ አንድ ሁለት እያሉ እየመጡ በርከት ብለው ተመቱ። ሥዕሉ እዚህ ላይ ያበቃል። መከራው ግን ገና መጀመሩ ነው። ሰማዩ ለጣሊያን ቦምብ ጣዮች ሲለቀቅ፣ ብርጋዴር ስሊም ገላባትን ያስያዘው እግረኛ፣ ምሽግ እንኳ እንዳይቆፍር መሬቱ ድንጋይ ሆኖበት ተቀጠቀጠ፤ የያዘውንም ለቀቀ። ያ ድንጋይ በየትኛው ሸራ ላይ አለ?

ጣሊያኖቹ ይህን ጥበብ ጠንቅቀው ያውቁታል። በ1922 ዓ.ም. «የአየር ሥዕል» ብለው መግለጫ አወጡለት። ቱሊዮ ክራሊ እ.ኤ.አ. በ1939 በሣለው ዝነኛ ሥራ ተመልካቹ ከአብራሪው ጀርባ ተቀምጦ ቁልቁል ወደ ከተማ ይወረወራል፤ ፎቁ ይታያል፣ የሚኖርበት ሰው አይታይም። የንቅናቄው አባት ማሪኔቲም በ1928 ዓ.ም. በወዶ ዘማችነት ሊወጋን መጥቷል። እንግዲህ ያ ዓይን ንጹሕ የጥበብ ዓይን ነው የሚል ይምጣና ይሟገተን!

የእኛ ባህላዊ ሠዓሊዎች ይሻላሉ። በዓድዋ ሥዕል ሰማዩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ በማይጨው ሥዕል በዚያው ቦታ አውሮፕላን ገባበት። በመካከሉ አርባ ዓመት ብቻ! ሠዓሊው የቆመው ግን ከታች ነው፣ ከሚደበደበው ጋር። ወዳጁን በሁለት ዓይን፣ ጠላቱን በአንድ ዓይን መሣል ለለመደ ሰው ጭራሽ ዓይን የሌለው ጠላት መጣበት (ምን ያድርግ ምስኪን?)። ቢሆንም ሸሽቶ ደመና ላይ አልወጣም።

«ታዲያ የኦጋዴኑ አብራሪዎቻችንስ?» ይሉናል። ይሣሉ እንጂ! በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኤፍ-5 ሚጎችን የጣሉትን ማን ይረሳል? ከእነሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ ግን ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቅቋል። ፍልሚያውን ለመሣል የሚሽቀዳደም ሞልቷል፤ እስር ቤቱን የሣለ ግን እስካሁን አላየንም።